መንገድን ቤቱ ያደረገ ሙዚቀኛ
(የዱክ ኤሊንግተን አጭር የሕይወት ታሪክ)

በመጽሔታችን ገጾች ላይ የነገሥታትን፣ የአርበኞችንና የሊቃውንትን ታሪክ ማንበብ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ እኔ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። ሙሉ ስሙ ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዱክ ኤሊንግተን በሚለው ስም ነው። አሜሪካዊ ነው፤ ካረፈም ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለ ምን የሩቅ አገር ሰው መረጥህ የሚለኝ ቢኖር ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፥ ይህ ሰው በሕይወቱ የመጨረሻ ወራት ወደ አገራችን መጥቶ በአዲስ አበባ ተጫውቶ፣ ከንጉሠ ነገሥቱም እጅ ኒሻን ተቀብሎ የሄደ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከቤቴ የመጣ ነው። አጎቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። የሠርጉ ወራት ሲደርስ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ክምር ድንጋይ፣ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ወረታ እየተዘዋወረ ይጫወታል። ሰዎች በጨዋታው ሲስቁ፣ ሲፎክሩና ሲሸልሙት በዐይኔ አይቻለሁ። ድግሱ ካለቀ በኋላ ግን አዝማሪ ነው ይሉታል፤ ቃሉም የሥራ ስም መሆኑ ይቀርና ስድብ ይሆናል። ስለዚህ ከቦታ ቦታ እየዞረ ሰውን የሚያስደስት ሰው ክብሩን ከወዴት ያገኘዋል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ያሳስበኛል። የኤሊንግተን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር የአውሮፓውያን መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኤሊንግተን በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ኤድዋርድ በሀብታም ሰው ቤት በአሳላፊነት ያገለግል ነበር፤ እናቱ ዴዚ ትባላለች። ሁለቱም ፒያኖ መጫወት ያውቁ ነበር። ያደገበት ዩ ስትሪት የተባለው መንገድ ያለበት ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ሲሆን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የአገራችን ሰዎች ወደ ዋሽንግተን በተሰደዱ ጊዜ ምግብ ቤቶቻቸውንና ሱቆቻቸውን በብዛት የከፈቱት በዚያው አካባቢ ነው። እንግዲህ በስደት ያሉ ወገኖቻችን እንጀራ የሚቈርሱበት ሥፍራ ኤሊንግተን በልጅነቱ የተሯሯጠበት ሥፍራ ነው ማለት ነው።

ወላጆቹ ፒያኖ እንዲማር መምህርት ቢቀጥሩለትም፣ ልጁ በዚያን ጊዜ ልቡ ያለው በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ነበር፤ በጨዋታው ሜዳም ለውዝ እየዞረ ይሸጥ ነበር። አለባበሱና አነጋገሩ የጨዋ ልጅ ስለ ነበረ፣ አንድ ጓደኛው ዱክ የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም በእኛ መስፍን እንደ ማለት ነው። በሥዕልም የታወቀ ስለ ነበረ ሥዕል እንዲማር ነጻ የትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ነበር። እርሱ ግን በወጣትነቱ በከተማው የሚጫወቱትን ፒያኖ ተጫዋቾች እየተከታተለ፣ ጣቶቻቸውንም እያየ መማር ጀምሮ ነበርና ዕድሉን ትቶ ሙዚቃን መረጠ። ለጥቂት ጊዜ ማስታወቂያ እየጻፈ፣ ማታ ማታም ፒያኖ እየተጫወተ ኖረ።

በ1923 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻም ከጓደኞቹ ጋር ኮተን ክለብ በሚባል የምሽት ቤት ተቀጠረ። ይህ ቤት ሐርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር መካከል ያለ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ጥቁሮች፣ ጨዋታውን እንዲያዩ የሚፈቀድላቸው ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ጥቁሩ በመድረኩ ላይ ይጨበጨብለታል፤ በዚያው ቤት ወንበር ስቦ ይቀመጥ ዘንድ ግን አይፈቀድለትም። ይህን ሳነብ በሠርግ ቤት እስኪነጋ ድረስ ካዜመ በኋላ በበሩ አጠገብ ለብቻው የሚበላ ማሲንቆ ተጫዋች ትዝ አለኝ። ኤሊንግተን በዚህ ቤት ቆይታው ሥራውን አጠነከረ። ሙዚቃው ከዚያው ቤት በራዲዮ እየተላለፈ በመላው አሜሪካ ስለ ተሰማ፣ ስሙን የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ ጠፋ። በ1931 ዓ.ም. ቤቱን ለቅቆ ወጣ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ኑሮው ሁሉ በመንገድ ላይ ሆነ።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ጥቁርና ነጭን የሚለይ ሕግ ይሠራ ነበር። ጥቁር ሰው ነጮች ከሚያድሩበት ሆቴል ማደር፣ ከሚበሉበት ምግብ ቤት ገብቶ መብላት አይችልም ነበር። ስለዚህ የጥቁር ሙዚቀኞች ጓድ ወደዚያ ሲሄድ በአዳራሽ ውስጥ ካስጨፈረ በኋላ ማደሪያና ራት ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ያመሽ ነበር። ኤሊንግተን ለዚህ ውርደት መፍትሔ አገኘለት። ለጓዶቹ መኝታ ያላቸው ሁለት የባቡር ፉርጎዎች፣ ለዕቃቸውም አንድ ፉርጎ ተከራየ። ከአንድ ከተማ ሲደርሱ ፉርጎዎቹ ከባቡሩ ተፈትተው በጣቢያው ይቆማሉ፤ ሙዚቀኞቹም በዚያው ይተኛሉ፣ በዚያው ይበላሉ፣ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መድረክ ይሄዱና ተመልሰው ይገባሉ። የማንንም ደጅ አይጠኑም። ሕጉን ለመለወጥ ኀይል አልነበረውም፤ ነገር ግን ሕጉ ጓዶቹን የሚያዋርድበትን በር ዘጋበት። እንደ እኔ አስተያየት ከሽልማቶቹ ሁሉ ይልቅ የሰውየውን ጠባይ የሚገልጸው ይህ ሥራው ነው።

በ1935 ዓ.ም. እናቱ አረፈች። ኤሊንግተን እናቱን እጅግ አድርጎ የሚወድ ልጅ ነበርና ኀዘኑ ከልክ አለፈ። ለቀብርና ለልቅሶ ከቆመው ጊዜ በኋላ ጉዞው አልቀረለትም፤ ስለዚህ ኀዘኑን በባቡር ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሙዚቃ ለወጠው። በዚያን ጊዜ የጻፈው ድርሰት ከለመደው አጭር ዘፈን እጅግ የረዘመ ስለ ነበረ አንዳንድ ተቺዎች ነቀፉት። የዜማው አሳብ ግን የመንኰራኵር ድምፅ እየሰማ የሚያለቅስ ሰው አሳብ ነው። ከዚያ በፊትም የባቡርን አነሣስ፣ ፍጥነትና ፉጨት በመሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ ድርሰት በ1933 ዓ.ም. አስቀርጾ ነበር። መንገዱ የሚደክመው ብቻ ሳይሆን የሚጽፈው ነገር የሚያገኝበት ሥፍራ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በኦርኬስትራው ውስጥ ባሪቶን ሳክስፎን የሚጫወት ሐሪ ካርኒ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1927 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለ ከኤሊንግተን ጋር ተቀላቅሎ እስከ ኤሊንግተን ሞት ድረስ ለአርባ ሰባት ዓመት ያህል ሳይለየው ኖረ። ባቡሩ ቀርቶ ሌሎቹ በአውቶቡስ መጓዝ ሲጀምሩ፣ ኤሊንግተን በካርኒ መኪና ከጐኑ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። ካርኒ መሪውን ይዞ በሌሊት ሲነዳ፣ ኤሊንግተን በወረቀት ላይ ዜማ ይጽፋል። ባልንጀራን በመንገድ ይፈትኑታል የሚሉት አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ሰዎች ቢያዩ ፈተናው አርባ ሰባት ዓመት ሞላ ይሉ ነበር።

በ1938 ዓ.ም. ኤሊንግተን ፒትስበርግ በምትባል ከተማ ሲጫወት፣ ቢሊ ስትሬይሆርን የሚባል ወጣት ደራሲ አገኘ። በኒው ዮርክ ወደ ቤቱ የሚመጣበትን መንገድ፣ የትኛውንም ባቡር እንደሚሳፈር ነገረው። ወጣቱም ያንን የባቡር መንገድ ዘፈን አደረገው፤ ‹‹ኤ ትሬን›› የሚለው ስም የተሰጠው ይህ ዘፈን የኦርኬስትራው መለያ ሆኖ በሄዱበት አገር ሁሉ ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች ስትሬይሆርን በ1967 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ አብረው ደረሱ፤ የአንዱን ሥራ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ለባለሙያም ሳይቀር የሚያስቸግር ሆነ።

ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። ሕዝቡ ሌላ ዐይነት ዘፈን ወደደ፤ ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች በገንዘብ ችግር ተበተኑ። ኤሊንግተን ግን የራሱን አልበተነም። ከድርሰቶቹ መብት የሚያገኘውን ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ ደመወዝ ያውለው ነበር። ከአንድ ሺሕ በላይ ድርሰት የደረሰ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በድርሰቶቹ ገቢ መኖር ሲችል ስለ ምን ይህን አደረገ? ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሌሊት የጻፈውን ዜማ በማግሥቱ በጓዶቹ መሣሪያ ሲጫወት መስማት ይፈልግ ነበር። የሚጽፈውም ለመለከት ወይም ለሳክስፎን ብቻ አልነበረም፤ ለእገሌ ትንፋሽ፣ ለእገሌ ጣት ብሎ ለይቶ ነበር። እነርሱ ከተበተኑ ብዕሩም ይደርቃል። በ1956 ዓ.ም. በኒውፖርት በተደረገው በዓል ላይ፣ አበቃለት ሲሉት የነበረው ይህ ኦርኬስትራ ሕዝቡን ከወንበሩ አስነሥቶ አስጨፈረ፤ ስሙም እንደ ገና በዓለም ታደሰ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ከአሜሪካ አልፎ ዓለሙን አዳረሰ። በ1963 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ ሕንድ ላከው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜ ኦርኬስትራው በቱርክ ነበርና የቀረው ጉዞ ተሰረዘ። በ1966 ዓ.ም. በዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች ኪነ ጥበብ በዓል ላይ ተጫወተ፤ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። አገሩ በውጭ አገር በእርሱ ስትመካ፣ በቤቷ ግን ክብሩን ስትነፍገው ታይታለች። በ1965 ዓ.ም. የፑሊትዘር ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ልዩ ክብር እንዲሰጠው ቢጠይቁ፣ የበላይ ቦርዱ እምቢ አለ፤ ከዳኞቹ ሁለቱ በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያን ጊዜ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው የነበረው ኤሊንግተን ነገሩን በቀልድ አልፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሽልማቱ የተሰጠው በተወለደ በመቶ ዓመቱ፣ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ግን ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ታሪክን የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውምና የመንገዱን ዋጋም ልናገር። ኤሊንግተን በወጣትነቱ ያገባት ሚስቱ ኤድና ብዙ ዓመት ሳይቆዩ ተለያይተው ኖሩ። አንድ ልጁ መርሰር አባቱን በቅርብ ያወቀው አድጎ በኦርኬስትራው ውስጥ መሥራት በጀመረ ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን በሆቴል የሚያድር ሰው ለቤተ ሰቡ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። የአጎቴ ልጆችም አባታቸውን በሠርግ ወራት የሚያዩት ለልብስ ለውጥ ሲመጣ ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ ለእኔ የወሬ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1973 ዓ.ም. ኤሊንግተን የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ሳንባውንም ክፉ ደዌ ይዞታል። እንዲህም ሆኖ በጥቅምት ወር በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ በተባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከደረሳቸው መንፈሳውያን ድርሰቶች ሦስተኛውን አሰማ፤ ከዚያም በአውሮፓ ዞሮ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰው የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ተገናኘው። ሙላቱ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ለማዋሐድ ይደክም ስለ ነበረ፣ ታላቁን ሰው በአገሩ ማግኘቱ ምን ያህል እንዳስደሰተው መገመት አያስቸግርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለኤሊንግተን የክብር ኒሻን ሸለሙት።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ቀን በልባችሁ ሣሉት። አሳላፊ የነበረ ሰው ልጅ፣ አያሌ ሆቴሎች በቆዳው ቀለም ምክንያት በራቸውን የዘጉበት ሙዚቀኛ፣ በአፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት ፊት ቆሞ ኒሻን ተቀበለ። ነገር ግን ዘመኑ ለሁለቱም እያለቀ ነበር። በዚያው ወራት በወሎ ሕዝብ በረኀብ ይረግፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ዐሥር ወር ያህል፣ ሙዚቀኛውም ሊሞት ስድስት ወር ያህል ነበር የቀራቸው። በዚሁ ወር ደግሞ የኤሊንግተን የብዙ ዘመን ሐኪምና ወዳጅ የነበሩት ዶክተር አርተር ሎጋን በኒው ዮርክ ሞቱ። የሐኪሙ መርዶ በሽተኛውን ምን ያህል እንዳደከመው ለማንም ግልጽ ነው። ከኢትዮጵያም ወደ ዛምቢያ አልፎ ቀጠሮውን አክብሮ ተጫውቶ ነበር።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም እስከ 1974 ዓ.ም. መጋቢት ድረስ መድረክ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ገባ፤ በአልጋው አጠገብም የኤሌክትሪክ ፒያኖ አስቀምጦ መድረሱን አላቆመም። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን 1966 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ። በኒው ዮርክ ቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በተደረገው የቀብር ሥርዐት ላይ ከ12,000 በላይ ሕዝብ ተገኘ። ልጁ መርሰር ኦርኬስትራውን ተረክቦ ጉዞውን ቀጠለ፤ ሐሪ ካርኒ ግን ያለ ጓደኛው ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከተለው።

ይህን የመሰለ ሰው በእኛም አገር ተገኝቶአል። በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ተምሮ፣ በኋላ ሳክስፎን ያዘ። የጦረኞቻችንን ሽለላ ወደ ሳክስፎን አምጥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ለብዙ ዓመታት ተጫወተ። ወደ ሰባ ዓመት ሲጠጋ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም.፣ ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ወደ አገራቸው ጋበዙት። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እርሱ የጎፈር ካባውን ደርቦ ከእነርሱ ጋር በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዞረ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ። ሽለላና ፉከራ ለጉና ሰው እንግዳ አይደለምና፣ ያ ድምፅ በአምስተርዳም አዳራሽ ሲያስተጋባ የእኛም ተራራ አብሮ የተሰማ ይመስለኛል።

እንግዲህ የእኛ አገር ስለ ዜማ መንገድ መሄድን ከማንም በፊት ያውቃል። ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ደብረ ታቦር ስንቱ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእግሩ መጥቶአል! ለዚያ መንገደኛ ቁራሽ የሚሰጥና ስለ ትምህርቱ የሚያከብረው እጅ፣ ማሲንቆ ይዞ የሚዞረውን ስለ ምን ይንቃል? የሁለቱ ዜማ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ለቤተ መቅደስ፣ ሌላው ለአደባባይ ነው። በድካም ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በቃላቸው ያጠናሉ፣ ሁለቱም እግራቸውን ያቈስላሉ፣ ሁለቱም ቀጠሮ ያከብራሉ።

ከኤሊንግተን ሕይወት እኔ የተማርኩት ይህን ነው፤ የመንገደኛ ሙዚቀኛ ክብር በመጀመሪያ ከራሱ ይመነጫል። ንጹሕ ልብስ መልበስ፣ በሰዓቱ መድረስ፣ ጓደኛን አለመበተን፣ በሕመምና በኀዘን ጊዜም ቀጠሮን መጠበቅ ማንም የማይነጥቀው ክብር ነው። ነገር ግን የሙዚቀኛው ትጋት ብቻውን አይበቃም። ጓዶቹን በፉርጎ ማሳደሩ ለእርሱ ክብር ሲሆን፣ በሩን ለዘጋበት ከተማ ግን እስከ ዛሬ ነውር ሆኖ ይነገራል። እኛም በራችን ላይ የሚቆመውን ባለ ማሲንቆ የምናስተናግድበት መንገድ ነገ ስለ እኛ ይናገራል።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ ክራር ወይም ማሲንቆ የያዘ ቢኖር ትምህርቱን ሳይተው አጥንቶ ይያዘው፤ ኤሊንግተን እስከ ሞት አልጋው ድረስ ሲሠራ እንደ ነበረ አይርሳ። ውድ ወላጆቻችን፤ ልጃችሁ ዜማ ወደድኩ ሲላችሁ የመንገዱን ችግር ብትነግሩት መልካም ነው፤ ችግሩ እውነት ነውና። የሙያውን ስም ስድብ አድርጋችሁ እንዳትነግሩት ግን በትሕትና እለምናችኋለሁ። በመጪው ጥርም አጎቴ ወይም እርሱን የመሰለ ሰው በዳሳችሁ ውስጥ ሲያመሽ፣ ከእንግዶቻችሁ ጋር በአንድ መሶብ አስቀምጡት።